ልብ አንባቢ ተብሎ ስለተያዘው የብስክሌት ቆጣሪዬ

ለክቡር አቶ ኡስማን
የዋርካው ሥር ኬላ የተያዙ ዕቃዎች መርማሪ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ባሉበት

ሰኔ 28 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ ሐይቅ

ክቡር ሰብሳቢ ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ፣ ለተከበረው ቤተሰብዎ፣ ለኮሚቴዎ አባላት፣ ለኬላው ገመድና ገመዱ ለታሰረበት ዋርካ ሳይቀር የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ክረምቱ እንዴት ይዞዎታል? ቅዝቃዜው ጉልበትዎን አልነካውም? የቢሮዎ ጣሪያስ ማፍሰሱን ተወ? የክቡርነትዎን ደህንነት ሳልጠይቅ የራሴን ጉዳይ ማንሳት ነውር መስሎ ስለሚታየኝ፣ መልስዎን እስክሰማ ድረስ እዚህ ላይ ትንሽ ቆሜያለሁ።

ቆሜ ጠበቅሁ። ደህና ነዎት ብዬ ልቀጥል።

ስለዚሁ ጉዳይ ከዚህ ቀደም ሁለት ማመልከቻ አስገብቼ፣ በሁለቱም ራስጌ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ይታያል» ብለው ስለጻፉልኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ማን እንደሚያየው ግን አልተገለጸም። ስለዚህ ሦስተኛውን ሁሉም ሰው እንዲያየው አድርጌ ጻፍኩት።

ኮሚቴው ማንነቴን ለሦስት ሳምንት ያህል ሲያጣራ ስለቆየ፣ ድካሙን ለማቅለል ራሴው ልንገራችሁ። ሀሚዱ ኑርዬ እባላለሁ። የሐይቅ ልጅ ነኝ። አርባ አንድ ዓመቴ ነው። ሥራዬ ከሐይቅ እስከ ውጫሌ፣ በመንገዱ ግራና ቀኝ ያሉትን የቦኖ ውኃ ቆጣሪዎች እየዞርኩ ማንበብ ነው። መታወቂያዬ ላይ «የሥራ መደብ፦ ቆጣሪ አንባቢ» ተብሎ ተጽፏል። ሁለት ቃል ናቸው። አንድ ላይ ሲሆኑ ምንም ጉዳት የላቸውም።

ቀድሞ ይህን ሥራ የምሠራው በሞተር ሳይክል ነበር። ሞተር ሳይክሉ ባለፈው ጥቅምት ከሄዱት ነገሮች ጋር አብሮ ሄደ። ከዚያ ወዲህ በብስክሌት እዞራለሁ። በሚያዝያ አንድ ቀን፣ ወደ አምባሰል የሚወስደውን ዳገት ስወጣ፣ ዓይኔ ጨለመብኝ፤ ብስክሌቱ ቦይ ውስጥ ገባ፣ እኔም ተከተልኩት። ደሴ ያለ አንድ ሐኪም ጆሮውን ደረቴ ላይ ሊያሳድር እስኪመስል ድረስ ካዳመጠኝ በኋላ፣ «ሀሚዱ፣ ልብህ ይፈጥናል። በሽታ ይሁን ጦርነት ግን በጆሮዬ ብቻ መለየት አልቻልኩም» አለኝ። ሆስፒታሉ ቀን ሙሉ የሚለካ መሣሪያ ነበረው። እሱም ከሞተር ሳይክሌ ጋር ነው የሄደው።

ስለዚህ ሐኪሙ ይህን አዘዘኝ። ብስክሌት ስነዳ የልቤን ምት የሚለካ ቆጣሪ ልግዛ፣ አንድ ወር ልለካ፣ ቁጥሩ ከመቶ አርባ ካለፈ ወርጄ ልቁም፣ ቁጥሮቹን ይዤ ሐምሌ 5 ልምጣ። ቁጥሮቹን ካየ በኋላ ብስክሌቱን ይፈቅድልኛል ወይም ይከለክለኛል። ያለ ቁጥር ከመጣሁ ግን፣ እሱም የራሱ ልብ አለውና፣ ለጥንቃቄ ሲል ይከለክለኛል። ብስክሌት ከተከለከልኩ ቦኖዎቹ ጋ አልደርስም። ቦኖዎቹ ጋ ካልደረስኩ ሥራ የለኝም። ነገሩ ይኸው ነው፤ ከዚህ የበለጠ የተደበቀ ምሥጢር ስለሌለው ኮሚቴውን ይቅርታ እጠይቃለሁ።

አሁን ወደ ምርጫው እንሂድ፤ ክቡርነትዎ ሳያውቁት ብዙ የተሳተፉበት ነውና።

ታናሽ እህቴ ዋሲላ ሻርጃ ሰው ቤት ትሠራለች። ኔትወርክ በተመለሰ ሰሞን ሱቅ ውስጥ ቆማ በድምፅ ላከችልኝ፦ «አያ፣ ሰውዬው ብዙ ዓይነት አለ ይላል። ልብ ያለው ነው የምትፈልገው፣ ልብ የሌለው?» ልብ ያለው ይሁን አልኳት። «እሱስ ሸጋ ነው፣ ልብ የሌለውማ እዚህም ሞልቷል» አለችኝ። ከኋላዋ የሱቁ ሰው ሲስቅ ይሰማል፤ አማርኛ አይችልም፣ ግን ሳቋ ይጋባል።

የመጀመሪያው ቆጣሪ ካርታ ነበረው። መንገዱን፣ ኩርባውን፣ ወንዙን ሁሉ በቀለም ያሳያል። ዋሲላ በጣም ወዳዋለች። እኔ ግን ዓይኔን ጨፍኜ ክቡርነትዎን አሰብኩ። በዚህ ዘመን፣ በዚህ መንገድ ላይ፣ ካርታ በብስክሌት መሪ ላይ አስሮ ወደ ገመዱ የሚመጣ ሰው ታየኝ። «ካርታ የሌለበትን ጠይቂልኝ» አልኳት።

ሁለተኛው በእጅ የሚታሰር ነበር፤ ከሥሩ አረንጓዴ መብራት እያበራ ደም ያያል አለችኝ። አመሻሽ ላይ ከእጄ አረንጓዴ ሲበራ፣ እናንተም ከዋርካው ሥር ሆናችሁ ስታዩ ታየኝ። ይለፈን አልኩ።

ሦስተኛው ከሰማይ ሳተላይት ጋር ይነጋገራል። «ከማን ጋር?» አልኳት። «ከሰማይ ጋር አያ!» «ከሰማይ ጋር የሚነጋገር ነገር ሐይቅ ላይ መስጊድና ቤተ ክርስቲያን ብቻ ነው፤ ይቅር» አልኳት።

አራተኛው ምስኪን ነበር። ካርታ የለው፣ ካሜራ የለው፣ ከስልክ ጋር አይተዋወቅ፣ ከሰማይ ጋር አይነጋገር። ጎማው ሽቦ ላይ የሚታሰር ማግኔት፣ መሪው ላይ የሚቀመጥ የክብሪት ቀፎ የምታህል ስክሪን፣ ደረት ላይ የሚጠብቅ ቀበቶ፤ በቃ። የአንድ ወር ቁጥር በውስጡ ያስቀምጣል። ምቱ ከተወሰነለት ሲያልፍ ደግሞ ጢጥ ይላል። «ይህ ነገር እንኳ ኬላ የሚያልፍ ነው፣ አብሽር» አለች ዋሲላ። ሁለታችንም ደስ አለን። ከሱቁ ሰው ይልቅ በምርጫው ያማከሩን ክቡርነትዎ ስለሆኑ፣ ለዚህ ያልተጠየቀ ድካምዎ እህቴም እኔም እናመሰግናለን። ለመላው የብስክሌት ነጂ የሚሆን ምክርም አግኝተናል፦ ቆጣሪ ሲመርጡ ፍጥነቱን አይጠይቁ፣ ውኃ ይችል እንደሆነም አይጠይቁ፤ ገመዱ ሥር ሲያስቆሙዎት ምን ብለው እንደሚያስረዱ ብቻ ይጠይቁ።

ከሰኔ 1 ጀምሮ ለስምንት ቀን ለካሁ። ሜዳው ላይ መቶ አሥር። ሐይቁ ዳር፣ ነፋስ ከኋላዬ ሲሆን፣ ዘጠና ስምንት። ዳገቱ ላይ መቶ ሠላሳ አምስት። አንድም ቀን ጢጥ አላለም። እንዴት ደስ እንዳለኝ እንዴት ብዬ ልንገርዎት! በየቦኖው ወርጄ የውኃውን ቁጥር አነባለሁ፣ ከዚያ ዞሬ የራሴን አነባለሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ በውስጤ ያለው ነገር ቁጥር ነበረው። ቁጥር ያለው ነገር ደግሞ አያስፈራም። እስከ ዘጠነኛው ቀን ድረስ አያስፈራም ነበር።

ቅሬታዎቼ እነሆ፣ በተራ ቁጥር፦

1. ሰኔ 9 ቀን፣ ሐሙስ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ዳገቱን ጨርሼ ዋርካው ሥር ስደርስ ምቴ መቶ ሠላሳ ሁለት ነበር። የኬላው መዝጋቢ አቶ ካሊድ በታላቅ ትህትና «ቁም!» አሉኝ። ቆምኩ። መቶ አርባ አንድ። ጢጥ።

በአካባቢው የነበሩ ሁሉ መሬት ላይ ለመተኛት ስላሳዩት ቅልጥፍና አድናቆቴን እገልጻለሁ።

«ምንድን ነው እሱ?» አሉ አቶ ካሊድ ከድንጋይ ጀርባ።

«ምንም አይደለም» አልኩ። ጢጥ።

«ምንም አይደለም ይላል እንዴ! ምንድን ነው?»

«የልብ ቆጣሪ ነው። ልቤ ሲፈጥን ይጮኻል።»

«ፈርተሃል?»

«አልፈራሁም።» ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ።

አቶ ካሊድ ከድንጋዩ ጀርባ ብቅ አሉ። ፊታቸው ላይ ሌላ ነገር መጥቷል። እንዲህ ያለ ፊት አንድ ሕፃን ለመጀመሪያ ጊዜ ማግኔት ሲይዝ አይቼ አውቃለሁ። «እስቲ ቆይ። የደበቅከው ነገር አለ?»

«የለም» አልኩ። ጢጥ።

እውነቱን ለመናገር ክቡር ሰብሳቢ፣ በቦርሳዬ ሥር በጋዜጣ የተጠቀለሉ ሁለት የተጠበሱ የሐይቅ ዓሣዎች ነበሩኝ፤ ኬላ ላይ ዓሣ እንደማይበረክት ስለማውቅ ደብቄያቸዋለሁ። ተፈተሽኩ። ተገኙ። «ወላሂ ልብ ያነባል!» ብለው አቶ ካሊድ እጃቸውን በጭንቅላታቸው ላይ ጫኑ። ዓሣዎቹ ለምርመራ ተወስደው በምርመራው ላይ አለቁ። በተያዙ ዕቃዎች መዝገብ ላይ ስላልሰፈሩ፣ መኖራቸውን ለማስረዳት ያለኝ ማስረጃ የአቶ ካሊድ ጣቶች ብቻ ነበሩ፤ እነሱንም በሣሩ ጠረጓቸው።

2. የዕቃ መያዣ ቅጹ ጠባብ ነው። ለዚህ ማንንም አልወቅስም። ሲሞላ ግን አንዲት ቃል አንድ መስመር ወደ ታች ተንሸራተተች። መታወቂያዬ ላይ «ቆጣሪ አንባቢ» ይላል፣ ዕቃው ደግሞ «የልብ ቆጣሪ» ነው። አቶ ካሊድ በጥንቃቄ የጻፉት እንዲህ ነው፦

የባለንብረቱ ሥራ፦ ቆጣሪ።
የተያዘው ዕቃ፦ ልብ አንባቢ።
ብዛት፦ 1 (አንድ)።

ይህን ወረቀት ቤቴ ወስጄ ደጋግሜ አየሁት። አንዲት ቃል ናት። በዚህ ጊዜ፣ በመኪና መንገድ ዳር፣ በብስክሌት የሚዞር «ቆጣሪ» ምን እንደሚቆጥር ማንም አስተዋይ ሰው ይጠይቃል። ኮሚቴውም ጠየቀ። በደብዳቤ። «ምን እንደሚቆጥሩ፣ ለማን እንደሚቆጥሩ በጽሑፍ ያስረዱ» ተባልኩ። ውኃ ብዬ መለስኩ። «የምን ውኃ?» ተባልኩ። የቦኖ ብዬ መለስኩ። ሦስተኛው ጥያቄ ገና አልደረሰኝም፤ ዝናብ ያገደው ይመስለኛል።

ለውጡ መጣ የተባለ ሰሞን ስብሰባ ላይ ጋብዘውን፣ ከእንግዲህ ሰው በሚያስበው አይጠየቅም ብለው እንደነበር አስታውሳለሁ። አጨብጭቤ ነበር። እጄ እስኪቀላ። አሁን እንደገባኝ የተቸገራችሁት የምናስበውን የሚያነብ መሣሪያ ስላልነበራችሁ ነው። ይኸው አመጣሁላችሁ፤ ሳላውቅ።

3. ሰኔ 20 ቀን መሣሪያውን ለኮሚቴው እንዳሳይ ተጠራሁ። መልካም አቀባበል ተደረገልኝ፤ ለባለጉዳይ የሚሆን ወንበር አልነበረም እንጂ። ጠረጴዛው ላይ ቆጣሪዬ በጨርቅ ተሸፍኖ ተቀምጧል፤ የሰው ዓይን ያየው እንደሆን የልቡን እንዳያወጣ መሰለኝ። ክቡርነትዎ «በተግባር ይፈተሽ» ብለው መመሪያ ሰጡ። ጥሩ መመሪያ ነበር። ችግሩ ማን ላይ ይፈተሽ የሚለው ነው።

የኮሚቴው ጸሐፊ ወይዘሮ ጸዳለ «እኔ የሐዋርያት ጾም ላይ ነኝ» አሉ። ጾመኛ ልብ አይነበብም የሚል የት እንደተጻፈ አልጠየቅሁም። አቶ ካሊድ «እኔ መዝጋቢ ነኝ፤ መዝጋቢ ራሱን አይመዘግብም» አሉ። ክቡርነትዎ መስኮቱን ተመለከቱ። ሁላችንም መስኮቱን ተመለከትን። መስኮቱ ላይ ምንም የለም።

በዚህ ጊዜ ለቢሮው ሻይ የሚያፈሉት ኡሙሰልማ ብርጭቆ ለመሰብሰብ ገቡ። ነገሩን ሲሰሙ ትሪውን አስቀመጡ። «አምጡት ወዲህ! ሠላሳ ዓመት ባሌ ያላነበበውን ልብ ይኸው ማሽን ያንብብልኝ!» ብለው ቀበቶውን ይዘው ጓዳ ገቡ፣ በሩን ዘጉ፣ አስረውት ወጡ። ቀበቶው ካልራሰ አይሠራም ብዬ ስለነበር በውዱእ ማንቆርቆሪያ ውኃ አርሰውታል፤ ቀሚሳቸውም አብሮ ርሷል። ስክሪኑ ላይ ሰባ አራት መጣ።

«ሰባ አራት አለ» አልኩ።

«ሰባ አራት ምን?»

«በደቂቃ ሰባ አራት ጊዜ መታ።»

«እሱን ብቻ? ሌላ አይልም?»

«ሌላ አይልም።»

«ውይ ያረብ!» አሉና ወንበር ላይ ዘጭ አሉ። «አማቴን የማስበውን ያወጣብኛል ብዬ ነፍሴ ወጥታ ነበር እኮ!»

ወይዘሮ ጸዳለ እየሳቁ የኡሙሰልማን እጅ ይዘው በሰዓታቸው ቆጠሩ። ሰባ አምስት። ማሽኑ በአንድ ነው የተሳሳተው፤ ወይም ወይዘሮ ጸዳለ በሳቅ አንድ ጨምረዋል። እኔም አሰርኩት። ሰማንያ ስምንት። ሁላችን ሳቅን። እንዲያ ያለ ሳቅ በዚያ ቢሮ ተሰምቶ ያውቅ እንደሆን እንጃ። ለአንድ አፍታ ጉዳዬ ያለቀ መሰለኝ። በደስታ ልቤ ዘለለ፤ ዘጠና አራት፤ አየሁት።

ያኔ ክቡርነትዎ ተነሡ። ኮትዎን አወለቁ። ሳቁ ስለጋበዘዎት ይሁን፣ የኮሚቴው ሰብሳቢ ከሻይ አፍይ ማነስ ስለሌለበት ይሁን አላውቅም። ሸሚዝዎን ከፈቱ፣ ቀበቶውን አሰሩ፣ ተቀመጡ፣ እጅዎን ጉልበትዎ ላይ አደረጉ።

መቶ አሥራ ስምንት።

«ተረጋግተው ይቀመጡ» አሉ ወይዘሮ ጸዳለ።

«ተረጋግቻለሁ» አሉ። መቶ ሃያ አንድ።

ጠበቅን። መቶ አሥራ ስምንት። ኡሙሰልማ አንገታቸውን አስግገው ስክሪኑን አዩና «ጋሼ ኡስማን፣ አንቱ ቁጭ ብለው ነው ወይስ ግሸን እየወጡ ነው?» አሉ። ቢሮው በሳቅ ፈረሰ። ክቡርነትዎም ሳቁ፤ ግን ቀድመው አቆሙ። ወይዘሮ ጸዳለ በሰዓታቸው ሊቆጥሩ እጅዎን ሲጠይቁ፣ እጅዎን ኪስዎ ውስጥ አስገቡ። «ተበላሽቷል» አሉ።

4. በዚያው ዕለት ቃለ ጉባኤ ላይ የሰፈረው ውሳኔ፦ «መሣሪያው የሰው ልብ የሚያነብ አለመሆኑ ተረጋግጧል። ሆኖም ሐሰተኛ መረጃ የሚያመነጭ ሆኖ ስለተገኘ በተያዘበት ይቆይ።» አንድ ዕቃ በመጀመሪያ እውነት ያወጣል ተብሎ፣ ቀጥሎ ውሸት ያወጣል ተብሎ፣ በአንድ መሳቢያ ውስጥ ሁለት ጊዜ ሲታሰር በማየቴ ዕድለኛ ነኝ።

5. አምስተኛው ቅሬታ አይደለም። ቁጥሩን ወድጄው ነው።

ባለፈው ጥቅምት ከከተማው በወጣን ቀን፣ ክቡርነትዎ ከፊቴ ነበሩ። ጫማዎን በእጅዎ ይዘዋል። እናትዎ መሄድ አቅቷቸው መንገድ ዳር ተቀምጠው ነበር። ብስክሌቱን አቆምኩ። እናትዎን ከኋላ ዕቃ መጫኛው ላይ አስቀምጠን፣ እርስዎ በግራ እኔ በቀኝ፣ እስከ ቀትር ገፋን። በየጉድጓዱ «ቀስ በሉ! እኔ እህል ነኝ እንዴ?» እያሉ ይቆጡን ነበር። ሳቅን። በዚያ ቀን እንዴት ሊሳቅ እንደቻለ እስካሁን አይገባኝም። ከኋላችን ተኩስ ይሰማል። ከፊታችን ምን እንዳለ አናውቅም። ስለ ብስክሌቱ ምንም ማስረጃ አልጠየቁኝም፤ ምን እንደምቆጥርም አልጠየቁኝም። እኔ ግን እቆጥር ነበር። እርምጃ። ከዚያ ወዲህ አላቆምኩም።

ያን ቀን የማናችንም ልብ ስንት እንደነበር የለካ የለም። ሐኪሙ ሊለይ ያልቻለው ይህን ይመስለኛል። አንዳንድ ሰው ቢሮ ውስጥ፣ ወንበር ላይ፣ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ አሁንም እየገፋ ሊሆን ይችላል። ይህን የምለው ማንንም አስቤ አይደለም። መሣሪያው ጢጥ ቢል ምን እንደሚሆን አውቃለሁና፣ ስጽፍ ደረቴ ላይ አለመኖሩ ጠቅሞኛል።

ወደ ልመናዬ ልመለስ።

ከነገ ጀምሮ እስከ ቀጠሮዬ ስድስት ሙሉ ቀናት አሉ። ዕቃዬ ነገ ጠዋት ቢመለስልኝ፣ ከያዝኳቸው ስምንት ቀናት ጋር አሥራ አራት ይሆናሉ፤ ሐኪሙንም ግማሽ ወርን እንደ ወር እንዲቆጥርልኝ እለምነዋለሁ። ቅጹ ላይ የተንሸራተተችውን ቃል ወደ ላይኛው መስመር ለመመለስ የሚያስፈልገውን ማጥፊያ በራሴ ወጪ አቀርባለሁ። ስለ ዓሣዎቹ ክስ አላቀርብም። ከእንግዲህም በኬላው ሳልፍ አስቀድሜ ከብስክሌት ወርጄ፣ ትንፋሼን ሰብስቤ፣ ከመቶ በታች ሆኜ ገመዱ ሥር እንደምቀርብ፣ ፈርተሃል ስባልም «አዎ» ብዬ እንደምመልስ ቃል እገባለሁ። ከሁሉም የሚቀለው ይኸው ነበር፤ ሳስበው።

ጊዜዎን ሠውተው እዚህ ድረስ ስላነበቡልኝ፣ ካላነበቡትም ለማንበብ ስላሰቡ፣ ካላሰቡም ደብዳቤውን በጥንቃቄ መሳቢያ ውስጥ ከቆጣሪዬ አጠገብ ስለሚያኖሩልኝ፣ ሁለቱ እንዲጫወቱ ዕድል ስለሰጡም ጭምር፣ በተሰበረ ትህትና፣ ባልተሰበረ ብስክሌት፣ ሁልጊዜም በገመድዎ ወዲያና ወዲህ የሚመላለስ ታዛዥዎ መሆኔን አረጋግጣለሁ።

ሀሚዱ ኑርዬ
ቆጣሪ አንባቢ (በአንድ መስመር ላይ)

ግልባጭ፦
— ለወይዘሮ ጸዳለ፤ አንድ ምት ስለጨመሩልን።
— ለአቶ ካሊድ፤ ዓሣው ጨው በዝቶበት እንደሆን እንዲያሳውቁኝ።
— ለኡሙሰልማ፤ አማትዎ ማንበብ ስለማይችሉ ይህን ደብዳቤ ያለ ሥጋት ቤት ይውሰዱት።
— ለእህቴ ለዋሲላ፣ ሻርጃ፤ ልብ የሌለውን ብንገዛ ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር።

የተረሳ ነገር፦ ይህን ከፈረምኩ በኋላ ደሴ ደውዬ ነበር። ቁጥሮቹን ይዤ መምጣት መቻሌ አጠራጣሪ እንደሆነ ለሐኪሙ ነገርኩት፤ ዕቃው የት እንዳለ ሲጠይቀኝም ሁሉንም አጫወትኩት። በዓሣዎቹ ሳቀ። በኡሙሰልማ አማት ሳቀ። መቶ አሥራ ስምንት ላይ ስደርስ መሳቁን አቆመ። «ቁጭ ብሎ?» አለኝ። ቁጭ ብሎ አልኩት። «አምጣልኝ» አለ። ዕቃውን መስሎኝ ነበር። ሰውዬውን ነው።

ስለዚህ ማክሰኞ ሐምሌ 5፣ ከአረፋ በኋላ በሦስተኛው ቀን፣ ከእኔ ቀጥሎ ያለው ተራ በክቡርነትዎ ስም ተይዟል። ከእንግዲህ ዕቃዬ ይመለስልኝ ብዬ አልጨቀጭቅዎትም፤ ደረትዎ ላይ አስረውት ይምጡ። የእኔ ስምንት ቀን በውስጡ አለ፤ ለሁለታችንም ይበቃል። ከሐይቅ እስከ ደሴ በክቡርነትዎ ሥልጣን ሥር ያልሆኑ ሁለት ኬላዎች እንዳሉ ግን ያውቃሉ። ሸሚዝዎን አስገልጠው «ይህ ደግሞ ምንድን ነው?» ሲሉዎት አይደንግጡ። እኔ ከጎንዎ ሆኜ «ሕመምተኛ ናቸው፣ አውቃቸዋለሁ» እላለሁ። እንደሚያምኑኝ ግን ቃል አልገባልዎትም።